የእማዬ ራስጌ ግድግዳ

ሰኔ 4

እትዬ መርማሪ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚህ ስለሚባል ነው እንጂ ደህና እንኳን አይደለሁም።

መጀመሪያ ይቅርታ። እማዬ ናት ጻፊ ያለችኝ። «ይቅርታ ሳትጠይቂ ሌላ ነገር ብትጽፊ ውርድ ከራሴ» ስላለች ይኸው ጠይቄያለሁ። አየር የሚስበውን ፓምፕዎን ድርግም አድርጌ ያጠፋሁት፣ «ይውጡልን!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ያልኩዎትን አልደግመውም። ካልሰሙት ጥሩ፣ ከሰሙትም አይደገምም።

ግን ለምን እንደሆነ ይስሙኝ። እርስዎ ነጭ ቱታ ለብሰው፣ ማስክ አጥልቀው፣ ጓንት አድርገው እንደ ንብ አርቢ ሆነው ገቡ። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ በቤት ልብሷ ቁጭ ብላ «ወንበር ስጪያቸው እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» ትለኛለች። እርስዎ ራስጌዋ ግድግዳው ላይ የተለበጠውን የጂፕሰም ቦርድ በቢላ ቆርጠው ጀርባው ላይ ያለውን ሻጋታ ሲያዩት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አይቼዎታለሁ። ማስክ ያለው ሰው ከሸሸ ማስክ የሌለው ምን ይዋጠው? እዚያች ላይ ነው የነደድኩት። ሰፈሩ ሁሉ ክብሪት የሚለኝ በዚህ ነው። ከአስረኛ ክፍል ያስወጣኝም ይሄው ጠባዬ ነው፤ እሱን ግን ይተዉት፣ አስተማሪውም ንጹህ አልነበረም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም «ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ በጽሑፍ ብቻ ነው» ስላሉኝ በጽሑፍ ልመልስ። አዎ፣ ቤቱን ስንረከብ ቦርዱ ግድግዳው ላይ ነበር። ማን እንደገጠመው አናውቅም። ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ሻጋታው የቤቱ ነው፣ የኛ አይደለም ብለው ይጻፉልን። እርስዎ እንደሱ ከጻፉ ቤቶች አስተዳደር ተለዋጭ ቤት ይሰጠናል። ካልጻፉ አይሰጠንም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

የእማዬ ሳል ያው ነው። አሁን አሁን ተቀምጣ ነው የምትተኛው።

ይህን የምጽፈው ላውንደሪ ቤት ካውያ እስኪግል ነው። ወረቀቱ ከተጨማደደ በኔ አይፍረዱ።

ክብሪት


ሰኔ 15

ለክብሪት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ይቅርታሽንም፣ የእናትሽንም ትእዛዝ ተቀብያለሁ። ደረጃው ላይ ያልሽኝን ሰምቼዋለሁ።

ስለ ማስኩ እውነት ብለሻል። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ትርፍ ነበረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቤት እየገባሁ ስመረምር ለባለቤቶቹ አንድ ልስጥ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን ለራሴ ነው የጻፍኩት።

ውጤቱ ደርሷል። ከቦርዱ ጀርባ በሚያጣብቅ ፕላስተር ያነሳሁት ናሙና ጥቁሩ ሻጋታ ነው፤ ለብዙ ሳምንት በራሰ ወረቀት ላይ የሚበቅለው። ከእናትሽ ራስጌ የጠረግኩት አቧራ ውስጥ ደግሞ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ተገኝቷል። እናትሽ እዚያ ክፍል መተኛት የለባቸውም። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ሻጋታው ግድግዳው ለረጅም ጊዜ እንደራሰ ይናገራል። ውሃው ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደጀመረ ግን አይናገርም። እኔ ስመጣ ግድግዳውን በእርጥበት መለኪያዬ ወጋሁት፤ ድንጋዩ ደርቋል። ከላይ ያለው ቧንቧም አዲስ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። የቆረጥኩትን ቁራጭ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስገለብጠው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። ፎቶውን አያይዣለሁ። «ለእማዬ መኝታ። ልጅሽ በገዛ እጁ» ይላል። ቀኑ ያለፈው ጥር 12 ነው። ቤቱን ከተረከባችሁ ስድስት ዓመት እንዳለፈ መዝገቡ ያሳያል።

ፎቶውም ያንቺም ደብዳቤ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ማስገባት ግዴታዬ ነው። ይህ ልጅ ማን ነው? አሁንስ የት ነው ያለው?

መርማሪዋ


ሰኔ 22

እትዬ መርማሪ፣

ተያዝኩ።

ሌባ እንኳን ገብቶ ሲወጣ ስሙን ጽፎ አይሄድም። የኛ ቤት ልጅ ግን ይጽፋል። ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩት፣ ከዚያ አንስቼ በካውያ ተኮስኩት።

ታላቅ ወንድሜ ነው። ጂፕሰም ሠሪ ነው። ጂፕሰም ሠሪዎች እንደዚህ ናቸው፤ ቦርዱን ከመግጠማቸው በፊት ጀርባው ላይ የሆነ ነገር ይጽፋሉ። አንዱ ቀን ይጽፋል፣ አንዱ የሚወዳትን ልጅ ስም፣ አንዱ ያላበላውን አሠሪ ይሰድባል። ሰው አያየውማ። ወንድሜ «ሰው ባያውቀኝ ግድግዳው ይወቀኝ» ይላል። አወቀው ይኸው!

አሁን እውነቱን ልንገርዎት። ከእማዬ ራስጌ በላይ እድፍ ነበረ፣ ትሪ የሚያህል። በጋ ነበር፣ ከሰማይ ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ግድግዳው ግን ያልበዋል። ውሃው የሚመጣው ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ቧንቧ ነው። አራት ጊዜ ለአስተዳደሩ አመለከትን፣ አራት ጊዜ «ይመዘገባል» አሉን። እማዬ ሰው ሲመጣባት ትራሶቿን ቆልላ እድፉን ትሸፍናለች፣ ሰውየው እስኪሄድ ትራስ ደግፋ ትቆማለች። ወንድሜ ሩቅ ቦታ ሥራ አገኘና ሊሄድ አምስት ቀን ሲቀረው «እናቴን በዚህ ግድግዳ ትቻት አልሄድም» አለ። ቦርድ ገዛ፣ ሦስት ቀን ሠራ፣ ቀለም ቀባ። እማዬ ስታየው አለቀሰች። ሳሎን እንኳን የላትም፣ መኝታዋን ለሰው ማስጎብኘት ጀመረች።

ቦርዱን ብሎን እስኪያጠብቅ በሁለት እጄና በራሴ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ግድግዳውን ስነካው መዳፌ ረጠበ። «ይሄ እኮ ርሷል» አልኩት። «ዝም ብለሽ ያዢ፣ ይደርቃል» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ሄደ።

ሚያዝያ ላይ አስተዳደሩ ቧንቧ ሠራተኛ ልኮ የላይኛውን ቤት ቧንቧ ቀየረ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ እርስዎ ሲመጡ ሁሉ ነገር ደርቆ ጠበቀዎት። ትናንት የአስተዳደሩ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ነበር።

«ግድግዳ ላይ ሌላ ግድግዳ ሥሩ ያላችሁ ማነው?» አለኝ።

«ውሃውን ልቀቁብን ያላችሁ ማነው?» አልኩት።

«ታዲያ የታለ ውሃው?»

«እናቴ ደረት ውስጥ ገብቷላ!»

በር አሳየኝ። በሩንም ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁለት።

ወንድሜ ያለበት ስልክ አይሠራም። ደብዳቤ የሚደርሰው ሲሚንቶ በሚያመላልስ መኪና ሹፌር በኩል ነው። የዋሸሁዎት ለእማዬ ብዬ ነው። ለሌላ ቢሆን ውሸቴን አሳምሬ እዋሽ ነበር።

ክብሪት


ሐምሌ 9

እትዬ መርማሪ፣

የላኩት ሁለት ማስክ ደርሷል። እማዬ «አዲስ ነገር ነው፣ ይቀመጥ» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እንደምንም ለምኜ አንዱን አስወጣኋት። ስታስል አውልቃ ነው የምታስለው፣ እንዳይቆሽሽባት።

ከክፍሉ ወጣች ወይ ላሉኝ፣ አይ፣ አልወጣችም። ያለን መኝታዋና ኩሽናው ነው፤ እኔ የምተኛው ኩሽና ነው። «እንቀያየር፣ አንቺ እዚህ፣ እኔ እዚያ» አልኳት።

«ያንቺ ሳንባ ገና ልጅ ነው» አለችኝ።

«ያንቺስ?»

«የኔ የሠራውን ሠርቷል።»

በግድ ልጎትታት ስል የአልጋውን ብረት ያዘች። ከናቴ ጋር ግብግብ ገጠምኩ ማለት ነው። አሸነፈችኝ። ማታ ማታ የማትተነፍስ ሴትዮ፣ ጠዋት ጉልበቷ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

የቆረጡበትን ቀዳዳ የሸፈኑበት ፕላስቲክ አሁንም እዚያው ነው። በር ሲከፈት ሆዱን ነፋ ያደርግና ይመለሳል። ከእማዬ ይልቅ እሱ ደህና ይተነፍሳል።

በደብዳቤዎ ያሉት ገብቶኛል። የኔ ቃል አንዴ ስለዋሸሁ አይታመንም፣ የእማዬም ጥቅም ስላላት አይቆጠርም። ቦርዱን የገጠመው ሰው «ስገጥመው ግድግዳው ርሶ ነበር» ብሎ ከፈረመ ግን ውሃው ከቦርዱ በፊት ነበረ ማለት ነው፣ ጥፋቱም የቤቱ ይሆናል። ነሐሴ ሳያልቅ። ሌላ መንገድ የለም። ገብቶኛል አልኩ፤ ሦስት ቦታ አስምረው መጻፍ አይጠበቅብዎትም።

ችግሩ እማዬ ናት። ለወንድሜ ልጻፍለት ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ብለሽ? የሠራህላት ስጦታ እናትህን በላት ብለሽ?»

«እንደሱ አልልም።»

«ሌላ ምን ልትይ ነው? ልጄ እዚያ የፎቅ መወጣጫ እንጨት ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው። ይህን ሰምቶ እግሩ ቢከዳው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። መታመሜን ጽፈሽ ቢሰማ ጡት ነካሽ ነሽ ማለት ነው።»

ምን ይሏታል እቺን ሴትዮ? እንዳሳልኩ ልሙት አለች እኮ ባጭሩ።

ሦስት ቀን አሰብኩበትና መላ አገኘሁ። መታመሟን አልጽፍም፣ ቃሏን ጠበቅኩ። ጥያቄውን ግን እጽፋለሁ፦ «መርማሪዎች መጥተው ግድግዳህን አዩት። ስትገጥመው ርሶ ነበር ወይስ ደርቆ? ብለው ይጠይቁሃል። እውነቱን ጽፈህ ፈርምና ላክ። እማዬ ደህና ናት፣ ክፍሏን ትወደዋለች።» በቃ። ሁለቱንም አስደሰትኩ። ዛሬ ለሹፌሩ ሰጠሁት።

መርዙ አንዴ ሳንባ ከገባ ይወጣል ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ለሌላው ሁሉ መልሰው እሱን ዘለውታል።

ክብሪት


ነሐሴ 2

እትዬ መርማሪ!

የወንድሜ መልስ መጣ! ሹፌሩ ላውንደሪው በር ላይ መኪናውን አቁሞ በጥሩምባ ጠራኝ፣ የሰው ሸሚዝ አቃጥዬ ነው የወጣሁት። አንድ የኔ፣ አንድ የናንተ። የናንተን በሙጫ አሽጎ፣ ሙጫው ላይ ፈርሞበታል። ለኔ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «የጠየቁትን መልሻለሁ። አታስቢ፣ በደንብ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

የናንተን አልከፈትኩትም። ላውንደሪ ነው የምሠራው፣ በእንፋሎት ከፍቼ መልሼ ብለጥፈው ማንም አያውቅም። እጄን በልቶኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን አንዴ ዋሽቼ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አሁን የኔ እጅ አይንካው ብዬ እንዳለ ልኬዋለሁ። ይኸው፣ ከነፊርማው። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጨዋ ሥራዬ ነው፣ መዝገብ ውስጥ ያስገቡልኝ።

ጸሐፊውን ተለዋጭ የሚሆነውን ቤት አሳየን ብዬ ጨቀጨቅኩት። እኔን ለመገላገል ብሎ ቁልፉን ሰጠን። ሁለት መስኮት አለው። እማዬ ደረጃው ላይ አራት ጊዜ አረፈች፣ ግን ወጣች። ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አጎንብሳ ከታች ሳይቀር። ከዚያ «ደረቅ ነው» አለችኝ። አልጋዋ የት እንደሚሆን እንኳን መርጣለች።

ዕቃ ማሰር ጀምሬያለሁ። ቶሎ ይጻፉልን።

ክብሪት


ነሐሴ 16

ለክብሪት፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ቀጥታ ልንገርሽ።

ወንድምሽ የጻፈው ይህ ነው፦

«እኔ በዚህ ሙያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቦርድ ገጥሜ አላውቅም። የእናቴን ክፍል ስሠራ ግድግዳው ደረቅ ነበር፤ በእጄ ዳስሼ አረጋግጫለሁ። ሥራዬ ላይ ነቀፋ ካለ ከእኔ በኋላ የመጣ ነው። እናቴ ክፍሏን እንደምትወደው እህቴ ጽፋልኛለች። ከዚህ የበለጠ ምስክር የለኝም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቱ መታመማቸውን የሚያውቅ ሰው ደብዳቤ አይደለም። ሥራህ ተበላሸ የተባለ ባለሙያ ስሙን ሲከላከል የሚጽፈው ነው። ያልነገርሽውን ነገር እሱ በራሱ መንገድ ሞላው።

ጉዳዩ ትናንት ለኮሚቴው ቀረበ። ግድግዳው ከቦርዱ በፊት ደረቅ ከነበረ ሻጋታው የመጣው ከቦርዱ በኋላ ነው አሉ፤ ቦርዱን የገጠማችሁት ደግሞ እናንተ። ሌላ ቃል ይምጣ ብዬ ተከራከርኩ። «ከአንድ ቤት ስንት ዓይነት ቃል ነው የምንቀበለው?» ብለው ያንቺን የመጀመሪያ ደብዳቤ አነበቡልኝ። መዝገቡ ተዘግቷል። እንደገና አይከፈትም።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልችልም። ደብዳቤውን ከፍታ አንብባ ብትቀደው ኖሮ ብያለሁ በልቤ። እኔ እንዲህ ማሰብ የማይገባኝ ሰው ነኝ፤ ግን አስቤዋለሁ።

ስለ መርዙ የጠየቅሽኝን የዘለልኩት መልሱን ስለማላውቅ አይደለም።

ለወንድምሽ እውነቱን ትነግሪዋለሽ?

መርማሪዋ


ነሐሴ 28

እትዬ መርማሪ፣

እንዴት ነዎት? የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ ለእርስዎ ስድስት ገጽ ስድብ ጽፌ ነበር፣ ሰባተኛው ላይ ስድቡ የሚገባው ለኔ መሆኑ ገባኝና ተውኩት።

ጸሐፊው የአዲሱን ቤት ቁልፍ ተቀበለኝ። «አዝናለሁ» አለኝ። በሩን በቀስታ ዘግቼለት ወጣሁ። እኔ በር በቀስታ ዘጋሁ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዎታል።

ያሰርኩትን ዕቃ ፈታሁ። እማዬ አላለቀሰችም። «እርሳቸው ምን አሉ?» አለችኝ። እርስዎን ማለቷ ነው። የወንድሜን ቃል አነበብኩላት፣ ሌላውን ዘልዬ እሱን ብቻ። እንደገና አንብቢልኝ አለች። «እርጥብ ግድግዳ ላይ ገጥሜ አላውቅም» የሚለው ጋ ስደርስ ፈገግ አለች። «ልጄ እንደሱ ዓይነት ሰው አይደለም፣ አላልኩሽም?» አለች። እኔ ደግሞ መዳፌን ቀሚሴ ላይ እየጠረግኩ «ብለሽኛል» አልኳት። ምን ልበላት? እድፉን በትራስ ስትሸፍን የኖረችው ራሷ ናት። እያወቀች ነው። እያወቀች ነው እንደዚያ የምትለው።

ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ እንድታድር ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ጠይቄ ነበር። እንፋሎቱ ይብስባታል አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ከሥራ ስመለስ ቦርዱን በመዶሻ ላወርደው ተነሳሁ። አንዱን ጥግ ስነቅለው ጥቁር ዱቄት እንደ ጥላሸት ቦነነ፣ እሷም ሳሏ ተነስቶ መሬት ላይ ተቀመጠች። መልሼ ገፋሁት። ቢነቀል ይበናል፣ ቢቀመጥ ይበላል። በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። አሁን እኔም አልጋዋ ሥር ወለሉ ላይ ነው የምተኛው። ጮኸችብኝ፣ ጮህኩባት፣ በመጨረሻ ደከማትና ተወችኝ።

ለወንድሜ ትነግሪዋለሽ ወይ ላሉኝ፦ አልነግረውም። በፊት ብነግረው ቤት ያስገኝ ነበር። አሁን ብነግረው የሚያስገኘው ምንድን ነው? ግድግዳውን ያለበሰው እሱ፣ በሩንም የዘጋው እሱ መሆኑን ማወቅ ብቻ። ከዚያ ከእንጨቱ ላይ ይውደቅ? እማዬ ትክክል ነበረች። እኔ ነኝ ለሁለቱም ልሁን ብዬ ለሁለቱም ሳልሆን የቀረሁት።

ሹፌሩ መጥቶ ነበር። ወንድሜ «ሰዎቹ ግድግዳዬን ምን አሉት? እማዬስ?» ብሎ ልኮበታል። መልስ ይዤ ልሂድ ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆመ። እማዬ ጎን ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። «ሰዎቹ ሥራህን ወደዱት» አልኩት። ቀጥሎ «እማዬ ደህና ናት» ብዬ ልጽፍ ስል ሳሏ ጀመረ። እያሳለች እሱን መጻፍ አቃተኝ፣ እስኪያልፍላት ልጠብቅ ብዬ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጠበቅኩ። እንደገና ነፋ።

ሳሏ አላቆመም። ጻፍኩት።